ጥምጣሙን የፈታው ቄስ

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተቀምጬ ሳለ ማይክሮፎኑ ሲጥ ብሎ አፏጨ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። የኔ ልብ ግን ዘለለ። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሞላሌ፣ የትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ቆሜአለሁ፤ ነፋሱ ወረቀቴን ሊነጥቀኝ ይታገላል፤ ፊት ለፊቴ ነጭ የጠመጠሙ ካህናት ተደርድረዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ አባቴ ናቸው። እኔም ሴት ስለወደደ ቄስ የጻፍኩትን ላነብላቸው ነው!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ይሰበሰብ ነበር። የምንሰበሰብበት ክፍል አንዱ መስኮት መስታወት ስላልነበረው ጉሙ እንደ አባል ገብቶ አብሮን ይቀመጣል። ጋቢያችንን ተከናንበን፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን፣ የጠመኔና የረጠበ ሱፍ ሽታ እየሸተተን አንዳችን የሌላውን ድርሰት እንሰማለን። ስልክ ያለው ተማሪ ጥቂት ነበር፤ ያለውም እዚያ ክፍል ውስጥ አያወጣውም። ከዓርብ የሚበልጥ ነገር አልነበረንም።

የክበቡ ንጉሥ ቀየት ከሚባል ስፍራ መጥቶ፣ ሞላሌ ቤት ተከራይቶ የሚማር የክፍሌ ልጅ ነበር። በአንዱ ድርሰቱ ወንድም ወንድሙን ይገድላል፤ በሌላው ሙሽራዋ በሠርጓ ዕለት ቡዳ ሆና ትገኛለች። ሲያነብ ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ ወንዶቹ ዴስክ ይደበድባሉ።

«ሰው ካልጮኸ ምኑን ድርሰት ሆነ?» ይል ነበር።

ሁላችንም አመንነው። እኔማ ቀናሁ። ለኔም እንዲጮኹልኝ ፈለግሁ።

ምን ብጽፍ ይጮኻሉ ብዬ ሳስብ መልሱን ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም። የካህን ልጅ ነኝ። እናቴ የሞተችው አራት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ቄስ ደግሞ ሚስቱ ከሞተችበት ሌላ አያገባም፤ ላግባ ካለ ክህነቱን ትቶ ነው። በኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም፤ አፉን ሞልቶ የሚያወራውም የለም። እኔ ልጽፈው ነው! ስጽፍ ግን አባቴን አላሰብኩም። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ ያሰብኩት ጩኸቱን ብቻ ነበር።

ሚስቱ የሞተችበት ቄስ በንግሥ ቀን፣ ታቦቱ ወጥቶ ሕዝቡ እልል ሲል፣ ደወል ቤቱ ውስጥ አንዲት ሴት ይስማል። ከዚያ ጥምጣሙን አውልቆ ይወረውርና እጇን ይዞ በገደሉ አፋፍ ይሮጣል። ድርሰቴ ይኸው ነው።

ዓርብ ዕለት ሳነበው ክፍሉ ፈነዳ። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ሦስት ጊዜ አማተበች። አንዱ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። የቀየቱ ልጅ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ «በቃ፣ አለቀልኝ!» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የማውቅ አይመስለኝም።

የክበቡ ኃላፊ የአማርኛ መምህራችን ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ የኮቱ እጅጌ ሁልጊዜ ጠመኔ ነው። ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀ። ያማተበችው ልጅ ግን አልቻለችም፤ ብድግ ብላ፣

«መምህር፣ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ የለበትም። ነውር ነው» አለች።

«ነውር ስለሆነ እኮ ነው የሚጻፈው!» አለ የቀየቱ ልጅ።

ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሊናከስ ደረሰ። መምህሩ እጁን አነሣና ወደኔ ዞረ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ቄሱን አንሥተን በሱ ፈንታ ነጋዴ ብናስገባ ከታሪክሽ ምን ይጎድላል?»

አሰብኩ። ነጋዴውም ሴት ይስማል፤ ነጋዴውም ይሮጣል። የሚጎድለው ጩኸቱ ብቻ ነው።

«እንጃ» አልኩ።

«የወላጆች ቀን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መልሱን ካገኘሽ አንቺ ታነቢያለሽ። ካላገኘሽ እሱ ያነባል» አለና የቀየቱን ልጅ አሳየኝ።

ተናድጄ ወጣሁ። ገና ቤቴ ሳልደርስ ግን ከንዴት የባሰ ነገር መጣብኝ፦ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው። ሞላሌ ገበያ የማይደርስ ወሬ የለም።

ደረሰ። እሑድ አባቴ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ከቀመሱ በኋላ ፀሐይ ያለበት ደጃፍ ላይ ተቀመጡ።

«ያን ደብተር እስቲ አምጪው» አሉኝ።

አመጣሁ። ዳዊት እንደሚደግሙ ሁሉ ጣታቸውን ከመስመሩ በታች እያስኬዱ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ማንበብ ጀመሩ። ደወል ቤቱ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ነው። ከዚያ ጣታቸው ቀጠለ። ጨርሰው ደብተሩን ዘጉት።

«ይህ ቄስሽ ጥምጣሙን ወርውሮ ሮጠ ነው የምትይው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ጥምጣም ስንት ክንድ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«የጠመጠመ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይወረውረውም። ይፈታዋል። እጥፉን እየዘረጋ፣ እየሰበሰበ። ጊዜ ይወስዳል። እየፈታም ያስባል። አንቺ እንዲያስብ ጊዜ አልሰጠሽውም፤ ዝም ብለሽ አስሮጥሽው።»

ይቆጣኛል ያልኩት አፍ ድርሰቴን እያረመ ነው! ዓይኔን ከመሬት አነሣሁ። አባቴ የሚያዩት እኔን አልነበረም፤ ከአጥሩ ወዲያ የገብሱን ማሳ ነበር።

«አንድ ቄስ አውቃለሁ» አሉ። «ሚስቱ ሞታበት ትንሽ ልጅ ያሳድግ ነበር። ሱፍ የምትፈትል አንዲት ሴት ነበረች፣ ከወዲያኛው አጥቢያ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ መንገዳቸው አንድ ነበረ። እሱ በመንገዱ ቀኝ፣ እሷ በግራ። ስለ ልጅቱ ትጠይቀዋለች፤ አመማት ወይ፣ በላች ወይ። ሌላ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ደወል ቤትም አልገቡም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ ቀን ከገበያ ገብቶ ጥምጣሙን ፈታው። ፈትቶ ጨረሰና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ለጳጳሱ ምን ብሎ እንደሚነግር አሰበ። ብቻውን ያረሰውን እርሻ፣ ብቻውን የሚበላውን እራት አሰበ። ሲያስብ ቆየ፣ ቆየና መልሶ ጠመጠመው።»

«ለምን?»

አባቴ ደብተሩን መለሱልኝ። «እሱን አንቺ ጻፊው። ጸሐፊዋ አንቺ አይደለሽ?»

ያ ቄስ ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። መጠየቅም አላስፈለገኝም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የምለብሰው ባና አልጋዬ ላይ ነበረ፤ ሱፉን ማን እንደፈተለው ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ያን ዕለት ከሰዓት ገብቼ ጠጉሩን በእጄ ዳሰስኩት። አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አየኋቸው፤ ከመጠምጠማቸው በፊት ወጣት የነበሩ፣ ከጠመጠሙም በኋላ ወጣት የነበሩ ሰው።

ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደጻፍኩ! በእረፍት ሰዓት እጽፋለሁ፣ ውኃ ልቀዳ ሄጄ ወረፋ ላይ እጽፋለሁ፣ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ በደብተሬ ጀርባ እጽፋለሁ። መሳሙን አወጣሁት። ሩጫውን አወጣሁት። መንገዱና ጥምጣሙ ብቻ ቀሩ። ረቡዕ ጠዋት ሰልፍ ላይ እንዳለሁ መልሱ ብልጭ አለልኝ፤ ሰልፉን ጥዬ ወደ መምህራን ክፍል በረርኩ።

«መምህር! ነጋዴ ቢሆን ታሪክ የለም! ነጋዴ ያገባታላ! አግብቷት ቤቱ ይገባል፤ አለቀ! ይሄ ግን ማግባት አይችልም፣ ክህነቱንም ይወደዋል፣ እሷንም…»

እንደዚያ ከት ብሎ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «በይ ሰልፍሽ ግቢ። የምታነቢው አንቺ ነሽ» አለኝ።

ዛሬ ወጣቶች ድርሰታቸውን ሲያመጡልኝ፣ «ይሄ ሰውን ያስደነግጣል» ሲሉኝ፣ የመምህሬን ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ይቀየሙኛል። አልፈርድባቸውም፤ የጩኸቱን ጣዕም አውቀዋለሁ።

የወላጆች ቀን ዋዜማ አባቴን ለመንኳቸው። «አባባ፣ ባይመጡስ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ይላል። እኔ ግን እመጣለሁ» አሉ።

መጡም። የደብሩ አለቃ አጠገብ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ማይክሮፎኑ ሲጥ ብሎ አፏጨና ተስተካከለ። ማንበብ ጀመርኩ። ድምፄ ምሰሶው ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ተመልሶ ወደኔ ይመጣል፤ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል። «ቄስ» የሚለውን ቃል ስጠራ ሜዳው ላይ ጉርምርምታ ተነሣ። ሁለቱ ሰዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ሲሄዱ ጉርምርምታው ቀነሰ። ጥምጣሙ መፈታት ሲጀምር ጭራሽ ጠፋ።

ማንም አልጮኸም። አንድ ሰው እንኳ! ተበላሸ ብዬ ልቤ ወረደ። ቀና ብል የደብሩ አለቃ ጭራቸውን ማወዛወዝ ትተዋል። ከኋላ ያሉት እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ቄሱ መልሶ ሲጠመጥም፣ የመጨረሻውን እጥፍ ሲያስገባ፣ ወረቀቱን አጠፍኩት። ከዚያ ከወደ ኋላ አንዲት ሴት «ውይ!» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር። ከሷ በኋላ ነው ጭብጨባው የመጣው። ሜዳው ተነሣ!

የደብሩ አለቃ ወደ አባቴ ዘንበል ብለው «ባይነገር ይሻል ነበር» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

«ተነግሯል፣ አባቴ» አሉ የኔ አባት። አልተቆጡም፤ ይቅርታም አልጠየቁም።

የቀየቱ ልጅ በማግስቱ መንገድ ላይ ጠብቆኝ ነበር። «ማንም አልጮኸልሽም» አለኝ። ቀጥሎ «ግን ለምን መልሶ ጠመጠመው? እንቅልፍ ነሳኝ እኮ!» አለ። ዓመቱን ሙሉ ሲጠይቀኝ ከረመ። ከዚያ በኋላ ቡዳ ጽፎ አያውቅም።

የወላጆች ቀን ዕለት ከአባቴ ጋር ወደ ቤታችን በእግር ተመለስን። ጉሙ ከቆላው እየወጣ መንገዱን መሸፈን ጀምሮ ነበር። እኔ ከደስታዬ የተነሣ ስለ ጭብጨባው፣ ስለ መምህሩ፣ ስለ ማይክሮፎኑ ሳላቋርጥ አወራለሁ። አባቴ ይሰማሉ። ዳገቱን ስንጨርስ ቆሙ።

«ሴትዮዋን ስም ሰጥተሻታል?» አሉኝ።

«አልሰጠኋትም፣ አባባ።»

«ደግ አድርገሻል» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ስለዚያች ሴት ከዚያ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም።

አባቴን የቀበርናቸው አምና ነው። የአጥቢያው ሰው፣ የወዲያኛውም አጥቢያ ሰው፣ ሞላሌም ሳይቀር ወጣ። ካህናቱ ሲያዜሙ እኔ ለቅሶዬን ትቼ ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። በዕድሜ የገፉትን አንድ በአንድ፣ ፊታቸውን እያየሁ፣ ከዳር እስከ ዳር ያቺን ሱፍ ፈታይ ፈለግኋት።

ሁሉም ያለቅሱ ነበር።