የአባባ ይማም ፔጆ

«አንቺን ብሎ ሹፌር! ውረጂ፣ በሩን ልንበይደው ነው» አለኝ በያጁ ፊት ለፊቴ ቆሞ።

መርሳ መውጫ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የሰፈራችን ልጆች ለመንገዱ ጌጥ እንዲሆኑ ብለው አሮጌ መኪኖችን አፍንጫቸውን መሬት ቀብረው፣ ጭራቸውን ወደ ሰማይ አቁመው ቀለም ይቀቧቸዋል። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይስቃል። ገና ያልተተከለችውን አንዷን ሳይ ልቤ ዘለለ፤ የጎረቤታችን የአባባ ይማም ፔጆ ናት። ሻንጣዬን ጥዬ ገባሁ። ደሴ ሄጄ መኪና መንዳት ልማር ብል እናቴ እንቢ ስላለችኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ልሂድ ልቅር እያልኩ ሁለት ሚኒባስ አሳልፌያለሁ።

የወንበሩ ሽታ ያው ቤንዚንና ገለባ ነው። ልጅ ሳለሁ፣ ሞተሯ ከሞተ በኋላ፣ አባባ ይማም ግራና ከተማ ባለው ግቢያቸው ውስጥ መሪ ያስይዙኝ ነበር። ዱዓ ሳይደረግ መነሳት የለም፤ ከኋላ የታጨቁት ልጆች መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን» ይላሉ። አንድ ቀን ከወንበር ስር ዶሮ ወጣችና ላባርራት ስል «ተያት፣ ተሳፋሪ ናት» አሉኝ። በአፌ ሞተሩን እያጓራሁ በሐሳቤ መርሳን አልፌ ውርጌሳ ስደርስ እናቴ ተጣራች። መሪውን ለቀቅኩ።

«ምነው ቆምሽ?»

«እማዬ ጠራችኝ፣ አባባ። እርስዎስ ከመንዳት ቆመው የለ?»

«እኔን ያቆመኝ ጉልበቴ ነው። አንቺን ምን ያቆምሻል?»



በያጁ የፔጆዋን ጣሪያ ደበደበ። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ አትሰሚም?»

«ሰምቻለሁ፤ በይደው» ብዬ ወረድኩ። ሻንጣዬን አንስቼ የመጣውን ሚኒባስ አስቆምኩና ደሴ መሆኑን ጠይቄ ገባሁ።