ሳጋል የማትሸጠው መኪና

ሙሐመድአወል ሹፌር ነበር። እጁ መሪ መንካት ከፈራ ወዲህ የሱቅ ግድግዳ ሠዓሊ ሆኗል። ሐርጌሳ ደግሞ ሱቅ የሚሸጠውን ግድግዳው ላይ ያስላል፤ ዘይት ከተሳለ ዘይት አለ፣ ሻምፖ ከተሳለ ሻምፖ አለ። ደንበኛው በጣቱ ያሳያል፣ ባለሱቋ ታወጣለታለች። ታዲያ ይህ ሰው ምን ነክቶት ነው የሳጋል ሱቅ ላይ፣ በዘይቱና በፓስታው መሃል፣ ትልቅ ሰማያዊ የጭነት መኪና ገትሮ የሄደው?

በማግስቱ የመሐመድ ሞጌ ሰፈር ጉድ አለ። አንዱ ፍየል እየጎተተ መጥቶ "ወደ በርበራ መቼ ነው የምትነሱት?" አለ። ሌላው ፍራሹን ደጃፉ ላይ አንጥፎ ተራ ያዘ። ሳጋል ጅግጅጋ የለመደችውን አማርኛ ሙሉ በሙሉ ለስድብ አዋለችው።

"አንተ! አሁኑኑ አጥፋልኝ!"

"ኤዶ፣ ፓስታውን ላጥፋልሽ?" እትዬ ማለቱ ነው፣ በሶማልኛ።

"ፓስታዬ ምን አደረገህ?"

አወል ብሩሹን ነጭ ቀለም ውስጥ ነክሮ ወደ መኪናው ዘረጋ። እጁ እምቢ አለ። ቀለሙ ጫማው ላይ ተንጠባጠበ፣ እንባውም ተከተለ።

"አቧራ ገባብኝ" አለ። የዚህ ሰው አቧራ ደግሞ አያልቅም! ቀብር ላይ አቧራ፣ ሚስቱ ፈትያ ስትጠይቀው አቧራ።

ሳጋል ጠጋ ብላ አየች። ጋቢናው ውስጥ አንድ ቀጭን ሰው ይስቃል።

"ይሄ ማነው?"

"ጓደኛዬ ዋሲሁን ነው። በርበራ መንገድ ላይ ተገለበጥን። የምነዳው እኔ ነበርኩ። እኔ ወጣሁ፣ እሱ ቀረ። ሰው ሁሉ 'ወንድ አይደለህ እንዴ?' ይለኛል። ወንድማ ነኝ! ግን ናፈቀኝ፣ ኤዶ። ወላሂ ናፈቀኝ።"

ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሰው እያየው፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሁሉም እሱን ሲያይ ፍየሉ የሳጋልን ሽንኩርት አጋመሰ።

ሳጋል ፍየሉን በነጠላ ጫማዋ አባረረችና አፍንጫዋን ጠረገች። "በል ተነሣ። መኪናው ይቆይ፤ ግን የኔን ዕቃ ጫንበት፣ ለሱቁ ዕቃ የሚያመጣ መሆኑን ሰው ይወቅ። ልጁ ደግሞ ከስቷል፣ ሙዝ ስጠው።"

"ኤዶ፣ እናንተ ሶማሌዎች ሩዝ በሙዝ ስትበሉ እያየ ነበር የሚስቅባችሁ!"

"እንግዲያው ሁለት ስጠው!"

አወል እያለቀሰም እየሳቀም በብሩሹ ሩዙንና ዘይቱን ጫነ፣ የዋሲሁንንም እጅ በሙዝ ሞላው።

ማታ ቤት ሲገባ ፈትያ ቀና ብላ አየችው። "ዓይንህ ቀልቷል። ዛሬም አቧራ ነው?"

"አይ፣ አለቀስኩ" አላት።