መስቀል የተነቀለለት መቃብር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ልጠይቅ ፍራንክፈርት ዳር ወዳለው ሪድበርግ ሰፈር ሄጄ ነበር። ናትናኤል እዚያ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ከሁለት ተማሪዎች ጋር ቤት ተጋርቶ ይኖራል። እኔም ሥራ በማልገባበት ቀን ምስር ወጥና ጎመን ሠርቼ እወስድለታለሁ። በሩን የከፈተልኝ አብሮት የሚኖረው ልጅ ነው። ጫማዬን ሳወልቅ ከናትናኤል ክፍል አንድ ዜማ ሰማሁ። ጥቂት ድምፆች ብቻ ያሉት፣ ሩቅ ቦታ በትንሽ ደወል የሚመታ የሚመስል ዜማ ነው። አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ እንዳለ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ያንን ዜማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰምቼው አላውቅም።

ናትናኤል ብቅ አለና «ቫስ ኢስት ሎስ፣ ማማ?» አለኝ። ምን ሆንሽ ማለቱ ነው። እንደ ብዙዎቹ የእኛ ልጆች አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልሰው ግን በጀርመንኛ ነው።

«ይህን ጨዋታ አውቀዋለሁ» አልኩት።

ሳቀ። ከገዛ ስልኳ ጋር የምትጣላ እናቱን እንዴት ይመናት? የድሮ የቪዲዮ ጨዋታ መሆኑን፣ አሁን እንደገና ታድሶ መውጣቱን፣ የጃፓንኛውንም የድሮውን እንግሊዝኛም እያማረጡ መጫወት እንደሚቻል ያስረዳኝ ጀመር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ያወራል፤ እኔ ግን ሄጃለሁ።

ፍራንክፈርት የመጣሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አባቴ ሳላውቀው ስለሞተ እናቴ ያሳደገችን ብቻዋን ነው፤ ታላቅ ወንድሜን ኤልያስንና እኔን። በዚያን ዘመን ወጣት ወንድ ያለበት ቤት በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጥ ነበር። ጦርነቱ የሚፈልገው ወንዶቹን ነዋ። መውጫው የተገኘው ግን ለእኔ ነው። የእናቴ እህት እትዬ ወይንሸት ከባሏ ከጋሼ መኮንን ጋር ፕሮይንገስሃይም የሚባል ሰፈር ይኖሩ ስለነበር እኔን አስመጡኝ። ኤልያስ ቀጥሎ ይመጣል ተባለ። ሊሸኘኝ ኤርፖርት መጥቶ ሻንጣዬን እንደያዘ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቀድማው እንደምገባ ሁሉ፣ «ቦታ ያዢልኝ» አለኝ። እየሳቅሁ ገባሁ።

እዚህ እንደደረስኩ ጀርመንኛው አልገባ አለኝ። ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ አፌን ዘግቼ እውላለሁ። ጋሼ መኮንን አዘነልኝ መሰለኝ፣ ቅዳሜ በማይን ወንዝ ዳር ከሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዝ የጨዋታ መሣሪያና አንድ ካሴት ይዞልኝ መጣ። ጨዋታው እንግሊዝኛ ስለሆነ ፈላጊ አልነበረውም። ለእኔ ግን አዲስ አበባ የተማርኩት እንግሊዝኛ ነበረኝ። በዚህ አገር መጀመሪያ የገባኝ ነገር ያ ጨዋታ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሰማያዊ ሻርፕ ያደረገች ልጅ ቤቱን ጥሎ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ በረዶ በለበሰ ደሴት ላይ ትዞራለች። በየመንደሩ ትጠይቃለች፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ አለፈ ይላታል፣ ሌላው አላየሁም ይላታል። መጨረሻ ላይ ባሕር ዳር ካለች ጎጆ ትደርሳለች። እዚያ አንድ ሽማግሌ ጀልበኛ አለ። «ወንድምሽ በመርከብ ወደ ሩቅ አገር ሄዷል። አንድ ቀን ይመለሳል» ይላታል። ከዚያ ልጅቷ ከጎጆው ጀርባ ያለውን ኮረብታ ትወጣና አንድ ድንጋይ ፊት ቆማ አንገቷን ትደፋለች። ያ የደወል ዜማ ይሰማል፤ ጨዋታው ያልቃል። ብዙ ጊዜ ጨርሼዋለሁ፤ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ግን ገብቶኝ አያውቅም። ወንድሟ ይመለሳል ከተባለች ለምን አንገቷን ትደፋለች? ደክሟት ይሆናል እል ነበር። ካሴቱ የጨዋታን ደረጃ የሚያስቀምጥበት ሁለት ቦታ ነበረው፤ አንዱን በራሴ ስም፣ ሌላውን በኤልያስ ስም ያዝኩ። ሲመጣ ከመጀመሪያው እንዲጀምር።

በሁለተኛው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ እትዬ ወይንሸት ከሥራ ስትመለስ ቁጭ አድርጋኝ ኤልያስ ሱዳን መግባቱን ነገረችኝ። ወረቀቱ እስኪያልቅ ስልክ እንደማያገኝ፣ መታገሥ እንዳለብኝም ነገረችኝ። ዘልዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እሷም አቅፋኝ ቆየችና ልብስ ወደምናጥብበት ምድር ቤት ወርዳ እስኪመሽ አልወጣችም። በሳምንቱ እናቴ ከቴሌ ደወለች። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። «ኤልያስ ደህና ነው፣ ሰላም ይልሻል» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋና ጎረቤታችን ስልኩን ተቀብላ ስለ አየሩ ጠየቀችኝ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው አብሮን የሚኖር ይመስለኝ ጀመር። እትዬ ወይንሸት ቴፑን መክፈት ተወች። እንግዶች ይመጣሉ፤ ሻይ ይዤ ስገባ ወሬያቸው ይቆማል። አንድ እሑድ ቤቱ በሰው ሞላ፣ ትልቅ ድስት ተጣደ፣ ቄስ መጥተው ጸለዩ። ማኅበር ነው አሉኝ። እኔም ዳቦ እየቆረስኩ ሳስተናግድ ዋልኩ። አንዲት ሴትዮ ዳቦውን ስትቀበለኝ እጄን ይዛ አልለቅ አለችኝ። አረቂ ቀምሳ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ኬይኮ የክፍሌ ልጅ ነበረች። አባቷ ለባንክ ሥራ ከጃፓን የመጣ ሰው ነው። ሁለታችንም ጀርመንኛ ስለሚቸግረን የኋላ ወንበር ላይ ተገናኘን፤ የተሰባበረው ቋንቋችንም ለሁለታችን በቂ ነበር። በሰኔ የመጨረሻው ፈተና እንዳለቀ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ጠራችኝ። ሙቀት ነበር፤ መንገዱ ሁሉ የሊንደን ዛፍ አበባ ይሸታል። እናቷ በበረዶ የቀዘቀዘ ቡናማ መጠጥ ሰጠችኝ። ቀመስኩትና ደነገጥኩ፤ ጣዕሙ የገብስ ቆሎ ነው። ለካ ጃፓኖች ገብስ ቆልተው ውኃውን ይጠጣሉ።

የኬይኮን ካሴቶች ሳገላብጥ ያቺን ባለ ሰማያዊ ሻርፕ ልጅ አየኋት። የኬይኮ የጃፓንኛው ነበር። አብረን ጀመርን፤ እሷ ጽሑፉን ወደ ጀርመንኛ ትመልስልኛለች፣ እኔ የእንግሊዝኛው ምን እንደሚል እነግራታለሁ። መጀመሪያ ላይ በሳቅ ሞትን። በእኔ ጨዋታ መንደሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቡና ቤት ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ፤ በኬይኮ ግን ወይን ነው። ለካ እየተንገዳገዱ የሚወጡት ቡና ጠጥተው አልነበረም። በእኔ ዘንድ «አስተማሪ» የተባለው ሽማግሌ በእሷ ዘንድ ቄስ ነው። ኬይኮ አባቷን ጠይቃ ኖሮ ምክንያቱን ነገረችኝ። ጨዋታው ወደ አሜሪካ ሲላክ ልጆች እንዳይረበሹ ተብሎ መጠጡን፣ ሃይማኖቱንና ሞቱን ያወጡታል አለች። «ሞቱን» ስትል አላስተዋልኩም። ገና እየሳቅሁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጀልበኛው ጋ ደረስን። የሚናገረው ከእኔው በጣም ረዘመ። ኬይኮ አነበበችው። ምን አለ ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ደግሜ ስጠይቃት ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

«ወንድምሽ በብርዱ ጊዜ ሞተ። የቀበርኩት እኔ ነኝ። እህቴ ከመጣች ብቻዋን አትመልሳት ብሎኛል።»

ልጅቷ ኮረብታውን ወጣች። ድንጋዩ ያው የማውቀው ድንጋይ ነው፤ በላዩ ግን መስቀል አለበት። ያው ዜማ ተሰማ። ልጅቷም እንደዚያው አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ገባኝ። ቃሉን ለውጠውታል፣ መስቀሉን ነቅለውታል፤ የልጅቷን አንገት ማቅናት ግን ረስተዋል።

የታየኝ ያን ቀን የተጠመጠምኩበት የእትዬ ወይንሸት አንገት ነው። ከዚያ የእናቴ ድምፅ፣ የተጣደው ድስት፣ እጄን ይዛ ያልለቀቀችው ሴትዮ። ኬይኮን ተሰናብቻት ይሁን ሳልሰናበታት አላስታውስም።

ጋሼ መኮንን የሚሠራበት የፖም ወይን የሚሸጥ ምግብ ቤት ከዚያ ሩቅ አልነበረም። በጓሮ በኩል ወደ ወጥ ቤቱ ገባሁ። ከሥራ ባልደረባው ከጋሽ ዑስማን ጋር ለአገሩ አረንጓዴ ስጎ ቅጠል እየከተፉ ነበር። ጋሽ ዑስማን የአስመራ ሰው ናቸው፤ በአማርኛ ተምረው ያደጉ፣ ሁላችንም አንቱ የምንላቸው አዛውንት። ወጥ ቤቱ የተቆረጠ ሣር ይሸታል።

«ጋሼ፣ ኤልያስ ሞቷል?» አልኩት።

ጋሼ መኮንን ቀና አለ። «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልቀረም። ጋሽ ዑስማን ቢላዋቸውን አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጋሼ መኮንን ሽርጡን እየፈታ፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም፣ አክስትሽ ባለችበት ነው፣ በወጉ ነው እያለ ይንተባተብ ነበር። ባቡር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተመለስን።

በወጉ ነገሩኝ። ማለዳ በሩ ተንኳኳ፣ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ገብተው ዙሪያዬን ተቀመጡ። አንዱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፣ ሌላው «የሰው ልጅ መንገደኛ ነው» ይላል፤ ማንም ቃሉን አያወጣውም። ያወጡት ጋሽ ዑስማን ናቸው። አጠገቤ መጥተው እጄን ይዘው «ልጄ ሰብለ፣ ወንድምሽ ኤልያስ ሞቷል» አሉኝ። ለጦርነቱ ከመንገድ ተይዞ ሄዶ እዚያው ሰሜን ቀርቷል። የሞተው በእሳቸው አገር ነው፤ የእህታቸው ልጆች ደግሞ በወዲያኛው በኩል ይዋጉ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እጄን እንደያዙ አለቀሱ። እስከ ዛሬ በዚያ ቀን ከተነገረኝ ሁሉ የምወደው ያችን ያልተሸፈነች ቃላቸውን ነው።

ሰው ሁሉ ሲሄድ እትዬ ወይንሸትን ለምን ብዬ ጮኽኩባት። ፈተናዬን እስክጨርስ ነው አለችኝ። አላመንኳትም። ቆይታ እውነቱን ነገረችኝ።

«እናትሽ ናት የለመነችኝ። ‹እሷ ዘንድ እንኳ በሕይወት ይኑር› አለችኝ። ምን ልበላት?»

ይህን የሰማሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ያኔ ለእናቴ አላዘንኩም። እሷም ሳትነግረኝ፣ እኔም ሳልጠይቃት አለፈች። የሞተበትን ቀን ያወቀ ሰው የለም። አስከሬን የለም፣ ድንጋይ የለም። ሁሉም ሰው ሙታኑን አንድ ጊዜ ይቀብራል፤ እኔ ግን ከሞተ በኋላ ወራት አብሬው ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ ሁሉ በልቤ እያወራሁት፣ ስለ በረዶው እየነገርኩት ነበር። እነዚያን ወራት የት እንደማስቀምጣቸው አላወቅሁም። ሌላው ሰው የሞተበትን ዘመን ሲቆጥር ወንድሜ ለእኔ እንደ መንገደኛ ነው። ዋናው ባቡር ጣቢያ ሻንጣ የያዘ ቀጭን ወጣት ከኋላው ባየሁ ቁጥር እግሬ ይፈጥናል። ፊቱን እስኪያዞር ድረስ ነው። እኔ አርጅቻለሁ፤ የምከተላቸው ግን ሁልጊዜ ሃያ ዓመት የሆናቸው ናቸው።

ናትናኤል ገለጻውን ጨርሶ፣ የድሮው ትርጉም ውሸት እንደነበር፣ አዲሱ ግን መቃብሩን እንደመለሰው ነገረኝ። ደስ ብሎታል፤ ልጅ ነውና እውነት ሲመለስ ያስደስተዋል። ከዚያ እንዴት እንዳወቅሁት ጠየቀኝ። አጎት እንደነበረው ያውቃል፤ እንዴት እንደሞተ ግን አንድም ቀን አልነገርኩትም። ትንሽ ልጅ ሳለ ጠይቆኝ ሩቅ አገር ነው ብየዋለሁ። አሁንም ያው መልስ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበር።

«ወንድሜ የሞተው በጦርነት ነው» አልኩት። «መቃብሩ የት እንደሆነ አናውቅም። ሲሞት ካንተ ያንስ ነበር።»

ናትናኤል መጫወቻውን አስቀመጠ። ከዚያ በዚያ በተኮላተፈ አማርኛው፣ ስሙን ማን ነበር ያልሽኝ አለ። ነገርኩት።

«ኤልያስ» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

እኔም ዞር ብዬ በሩን አየሁ።