ለማርያም የተሳለው ምንጣፍ

ልጄን ያረገዝኳት በሕክምና ነው፤ የተወለደችውም ያለጊዜዋ፣ በሰባት ወሯ። ከፍ ስትል ሲጠሯት ዞር የማትል፣ ሲያቅፏት የምትጮህ ሆነች። ሐኪሙ ኦቲዝም መሆኑን ነገረኝ። «ያለጊዜያቸው በሚወለዱ ልጆች ላይ ይበዛል፤ ያረገዝሽበት ሕክምና አመጣው ለማለት ግን አይቻልም» አለኝ። የመሐል ሜዳ ከተማ ጎረቤቶቼ ግን ፈርደው ጨርሰዋል፦ «ከእግዜር ቀድማ በመርፌ ያመጣቻት!»

አማቴ «የልጅ ልጅ ብታሳይኝ ምንጣፍ አስገባለሁ» ብለው ለማርያም ተስለው ነበር። የበጎቻቸውን ጠጉር ለዓመታት ፈትለው አሠሩት። ስለቱን ለማድረስ ሰው ሲሰበሰብ ልጄ ደንግጣ ጮኸች፤ ምንጣፉ ውስጥ ራሷን ጠቅልላ ዝም አለች። እሳቸውም ምንጣፉን ለእሷ ትተው፣ ለማርያም ሌላ መፍተል ጀመሩ።

አንድ ቀን አንዷ ጎረቤት ያንኑ የመርፌ ወሬ አነሳች። አማቴ እንዝርታቸውን አቁመው፣ «እኔም በስለት ነው ያመጣኋት፤ የምትወቅሺ ከሆነ ከእኔ ጀምሪ» አሏት።

ዛሬ እሳቸው የሉም። ልጄም አድጋ እግሯ ከምንጣፉ ይወጣል። ዝናብ ሲሆን ጠጉሩ አሁንም በግ በግ ይሸታል። ሲናፍቁኝ ሄጄ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። ቀና ብላ አታየኝም፤ ግን ጠጋ ትልልኛለች።