«ተቀበል» አሉኝ

ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ... ማርቆስ መናኸሪያ በር ላይ ባጃጄን አቁሜ ወሬ ስሰልቅ አንድ ሽማግሌ መጡ። ጥምጣም፣ ጋቢ፣ መቋሚያ። ከዲማ ነው የመጡት። ሆስፒታል አድርሰኝ አሉኝ።

እናንተ ታውቁኛላችሁ፣ እኔ ዝም ብዬ አልነዳም። ማርቆስ ውስጥ በአፍ የሚችለኝ ሾፌር የለም። የዜማ መምህር ነኝ ሲሉኝ እኔም ዜማ ጠጥቼ ነው ያደግኩት አልኳቸው። እውነቱን ላውራ? ቆሎ ትምህርት ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን ለልመና ወጥቼ ውሻ ሲያባርረኝ በዛው ቀረሁ።

የኔታ ፊታቸው በራ። ጉሮሯቸው ላይ እብጠት አለ፣ ሐኪሞቹ ሊቆርጡት ነው፣ ድምፅ አይተርፍም ብለዋቸዋል። መዋሥዕት የሚባል ለሞተ ሰው የሚዜም አለ፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ለብቻ አይሆንም። አርባ ዓመት ሲመልስላቸው የኖረው ጓደኛቸው ደግሞ አምና አርፏል። አንዴ መዋሥዕቷን ሳልል አልቆረጥም ብለው ሰው ሲፈልጉ ነው የከረሙት።

«ማን ሞቶ ነው የኔታ?» አልኳቸው።

ጉሮሯቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ለዚች ድምፅ ነው።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተር አጠፋሁ። ጀመሩ... ያ ሲያወሩ የሚሻክር ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ግዕዝ ነው፣ ምኑም አልገባኝም፣ ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ከዛ ቆም አሉና...

«ተቀበል» አሉኝ።

እጄን ዘርግቼ መቋሚያውን ተቀበልኳቸው።

ለካ ቀጣዩን አንተ መልስ ማለታቸው ነው። አዩኝ። ደግመው መሩ፣ ደግመው ጠበቁኝ። አዝማሪ ቤት ቢሆን ተቀበል ስባል እንደ ገደል ማሚቶ ነበር የምመልሰው። የምለው ሲጠፋኝ ጊዜ «ይበል!» አልኩ።

«ይበል ለቅኔ ነው ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አትችልም?»

«አልችልም የኔታ... ዋሽቼዎት ነው።»

አልተቆጡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መቋሚያቸውን ከእጄ ወስደው ገቡ።

ዛሬ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ድምፅ የለም። ሲያዩኝ በጣታቸው የአልጋውን ብረት መታ መታ አደረጉ... ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ... ከዛ ቆም አሉና ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠበቁኝ። ተራው የኔ ነው። እኔ ደግሞ ያው ግድግዳ።

እና... መዋሥዕት የምታውቁ ካላችሁ መመለሻዋን በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ ነገ አስር ሰዓት ላይ ጠያቂ ያስገባሉ። የትኛዋን ነው ብላችሁ ብቻ እንዳትጠይቁኝ... እሱን ባውቅማ።