በደጄ አልፎ ማዶ የገባው ደንበኛዬ

ዛሬ ጠዋት የረጅም ዘመን ደንበኛዬ አቶ ታደሰ የጭነት መኪናውን እየነዳ በጋራዤ በር አለፈና ከመንገዱ ማዶ ካለው ተፎካካሪዬ ጋራዥ ገባ።

ከቦምቤ ወደ ሶዶ ሲመጣ የሞተር ዘይት መብራት በርቶበት ኖሯል።

እውነቱን ልናገር፤ ያ መካኒክ ሞተሩን ያለ አግባብ ሲበታትነው ለማየት ቋመጥሁ። ይህ ምኞት ለክርስቲያን እንደማይገባ እያወቅሁ ከደጃፌ አልተነሣሁም።

ሰውየው ግን አልተሳሳተም። አስቀድሞ የዘይቱን መጠን አየ። ቀጥሎ የዘይት ግፊት ሴንሰሩን ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ ገጠመና ሞተሩን አስነሣ። ግፊቱ ደኅና ነበር። የተበላሸው ሴንሰሩ ብቻ ስለሆነ በአዲስ ቀየረው፤ መብራቱም ጠፋ።

እኔም ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር። ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

ታደሰ ሲወጣ አስቁሜ «ምን በደልሁህ?» አልሁት።

«ኧረ መሪጌታ፣ ምንም!» አለኝ። (የቤተ ክህነት ትምህርት ስላለኝ ሾፌሮች እንዲህ ይሉኛል።) «እርስዎ ጋ ስመጣ ግን መኪናው ሳይታይ እኔ እመከራለሁ። ዛሬ ደግሞ ቸኩያለሁ!» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ምክሬን አልተውም፤ ትክክል ነውና። ነገር ግን ከነገ ጀምሮ ሞተሩን አስቀድማለሁ።

እናንተስ፣ ደንበኛችሁ ዓይናችሁ እያየ ወደ ጎረቤት ሲገባ ቅናቱን እንዴት ቻላችሁት?