ሁለት ጊዜ የተከፈተው በር

ትናንት የቀበሌያችን ጤና ኬላ ተከፈተ! ለእንግዳ አይደለም፤ ለእኛ ነው። አላምን ብዬ በሩን በእጄ ገፋሁት። ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ውስጥ ተቀምጣ "ግቢ፣ ምንሽን ነው?" ስትለኝ፣ ምንም ያላመመኝ ሰው አፍሬ ሳቅኩና ወጣሁ። እስከ ቤቴ ሮጥኩ። እናም ሰባት ወር በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ቀን ዛሬ ልጽፈው ነው። የታሰርኩበትን ቀን።

ጠዋት ሒሳብ እየተማርን አንድ ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ስሜን ጠራ። እጄን አላሰረኝም። "ደብተርሽን ያዢ" ብቻ አለኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ጣቢያ ስደርስ ነው፤ የእጅ ጽሑፌን ሊያስተያዩበት ኖሯል። ከሁለት ቀን በፊት በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ጤና ኬላው ጽፌ ነበር። ድንጋዩን አባቶቻችን በትከሻቸው ተሸክመው የሠሩት ቤት ነው። የአጎቴን ሚስት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ስናልፍ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ አየሁ። (ደኅና ነች፤ ልጇም መዳህ ጀምሯል።) ቁልፉን የያዘው ሰው የሚኖረው ወረዳው ከተማ ነው። የቀበሌው ሪፖርት ግን "ሥራ ጀምሯል" ይላል። ተናደድኩና "ከተሠራ ጀምሮ አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም" ብዬ ጻፍኩ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። የገብስ አቧራ አስነጠሰኝ። ከጣሪያው ሥር ባለች ቀዳዳ የምትገባው ፀሐይ ጉልበት እንኳ አታሞቅም። ጥግ ላይ አንዲት እናት የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

"ይማርሽ" አሉኝ። "አንቺ ደግሞ ምን ሰርቀሽ ነው?"

"አልሰረቅኩም። ጽፌ ነው።"

"ጽፈሽ?" ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "እኔስ እሺ፣ ሣር አጭጄ ነው።"

የጋራ የሣር መሬታችን፣ ጓሳው፣ ሳይከፈት ማጭድ ይዞ መግባት በእኛ አገር ነውር ነው፤ ሽማግሎቹ እስኪፈቅዱ ይጠበቃል። የእሳቸው ጎጆ ግን ማፍሰስ ጀመረ፤ ክረምቱ ደረሰ፤ አላስቻላቸውም። ሁለተኛውን ሸክም ሲያስሩ ተያዙ። "ለጠየቀኝ ሁሉ አጥፍቻለሁ ነው የምለው" አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ።

እኔም የጻፍኩትን በቃሌ አልኩላቸው። "አንድም ቀን" የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

"ቆይ፣ ቆይ። ተከፍቷል እንጂ!"

"መቼ?"

"ሁለት ጊዜ። ከላይ እንግዳ ሲመጣ። በሽተኛዋ እኔ ነበርኩ።"

"አሞዎት ነበር?"

"ኧረ ምን ያመኛል! ሊቀመንበሩ 'ነጠላሽን አጥበሽ ነይና ወንበሩ ላይ ቁጭ በይ' አለኛ። እንግዳው ምንዎን ነው ቢለኝ ጥርሴን አልኩት። ሌላ ጊዜ ያው ሰውዬ መጣ፤ አሁንም ጥርሴን። 'እስካሁን አልተሻልዎትም እናቴ?' ብሎ ከልቡ ሲያዝንልኝ፣ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት።"

ዘቡ በሩን እስኪደበድብ ድረስ ሳቅን። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ለካ ተሳስቼ ጽፌያለሁ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ የደከመው ሰው ነው። ነጭ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ።

"በገዛ እጅሽ 'የጻፍኩት ውሸት ነው፣ ተጸጽቻለሁ' በይና ፈርሚ። ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ። አለዚያ ሰኞ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ነው አይደል? እዚሁ ያልፍሻል።"

እስክሪብቶውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። "ትንሽ ላስብ" አልኩትና ወደ ክፍሉ መለሰኝ።

"ፈርሜ ልውጣ እንዴ?" አልኳቸው እናትዬዋን።

የባናቸውን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። "እኔ ያጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብያለሁ" አሉ። "አንቺ ያላጠፋሽውን አጥፍቻለሁ ካልሽ፣ የእኔን ቃል ማን ያምነዋል? ያጠፋሽው ካለ እሱን ብቻ ንገሪያቸው።"

ያጠፋሁትማ አለ።

ተመልሼ ገባሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "በጽሑፌ አንድ ስህተት አግኝቻለሁ። ጤና ኬላው አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም ማለቴ ትክክል አይደለም። ሁለት ጊዜ ተከፍቷል፤ ሁለቱም ጊዜ ለእንግዳ ነው። የታከመ ሰው የለም። ስለ ስህተቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።" በሽተኛዋ ማን እንደነበረች አልጻፍኩም። ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ፈረምኩ።

መርማሪው ደጋግሞ አነበበው። የከንፈሩ ጫፍ ተነቃነቀ፤ ሳቅ ይሁን ንዴት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። "ይቅርታ ጠይቃለች" አለ ለራሱ፤ ፋይሉ ውስጥ ከተተውና አባቴን ለዋስነት አስጠራ።

አባባ መንገድ ላይ ጠየቁኝ።

"ፈረምሽ?"

"ፈረምኩ። እውነቱን ጨምሬ።"

"እንግዲያ ጫማሽን እሰሪ፣ መንገዱ ሩቅ ነው" አሉኝ። ሰኞ ተፈተንኩ፤ ይኸው አልፌ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ።

ትናንት ጤና ኬላው በር ላይ መጀመሪያ ተሰልፈው ያገኘሁት ማንን ቢሆን ጥሩ ነው? እናትዬዋን! ጎጆአቸው በአዲስ ሣር ተከድኗል፤ ተፈቅዶ በታጨደ። "ዛሬስ የእውነት ጥርሴን ነው" አሉኝና ጉንጫቸውን ይዘው ሳቁ። የጥርስ መድኃኒት ግን የለም፤ መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው። እሱንም እጽፈዋለሁ፣ ቆጥሬ።

በሩን ያስከፈተው የእኔ ጽሑፍ ነው አልልም። አላውቅማ። የማላውቀውን መጻፍ ያቆምኩት እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው።

ይህን የምታነቡት በዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ከጎኑ እርሳስ በክር አስሬ አንጠልጥያለሁ። የተሳሳትኩት ካለ ኑና ከሥሩ ጻፉልኝ፤ ቦታ ትቼላችኋለሁ።